ሁለቱ ሰንሰለቶች

ጥቅምት ገባ። ከጅሬን ራስ ላይ ደመናው ተነሣ፤
ቆጪ ሰፈር መብራት ጠፋ፣ ኮከብ ግን መጣ በካሳ።
አባቴ ተማም በረንዳ ላይ፣ በርጩማው ላይ ተደላድሎ፣
ሠላሳ ዓመት የማዘጋጃ ቀያሽ፣ ጅማን በሰንሰለት አካልሎ፤
«ያቺን ጭጋግ» ይለኛል፣ «የጣት አሻራ የምትመስል፣
ማን ሄዶ ነው የለካት? ችካል ተክሎ ወይስ በምስል?»

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ፣ ጉልበቴ ላይ ባለ ካሬ ደብተር፣
የአንድ ኮከብ ብርሃን በየሌሊቱ ነጥብ በነጥብ ሲደረደር።
«አውራ ጣትህን ዘርጋ» አልኩት፣ «አንዱን ዓይንህን ጨፍን፤
በሌላው ደግሞ እየው። ዘለለ? ቅርቡን በዝላዩ መጠን
እናውቃለን። ሩቁ ግን አይዘልም፣ እንደተተከለ ይቀራል፤
ያን ጊዜ የሚተነፍስ ኮከብ ይፈለጋል፤
ይደምቃል፣ ይፈዛል፣ ደሞ ይደምቃል፤
ትንፋሹ የረዘመ፣ ብርሃኑ ይገዝፋል።
ከጅሬን የሚወርዱትን ባጃጆች እያቸው፤
አንድ ዓይነት ነው አምፖላቸው፤
የፈዘዘው የራቀው ነው። ያው ነው ነገራቸው።»

«ስንት ወጣ ታዲያ?»
«ብርሃኗ ከቤት ሲወጣ
ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዓመቱ ነው፤ እንደኛ ያለ ሰው ገና አልመጣ።»

«ሴፌይድ ይሏቸዋል ኮከቦቹን፤ በግሪክ ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ነበር፤
አንድሮሜዳም ልጁ ናት» ስለው፣ ሳቀ ከጨለማው በር፤
«የኛ ከሆኑማ ካርታቸው የታለ? ይክፈሉ የመሬት ግብር!»

ከዚያ የስሕተቱን ነገርኩት። የመጀመሪያዎቹ ለኪዎች
ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርሱ «ደረስን» ብለው ነበር።
ኋላ ከነሱው አንዱ «ኮከቡ ሁለት ዓይነት ነው» አለ፣
«አንዱን በሌላው ልክ ለካነው።»
ያን ለት ጋላክሲዋ ስንዝር ሳትንቀሳቀስ፣ እጥፍ ራቀች በወረቀት፤
አባቴ ይስቃል ብዬ ስጠብቅ፣ ዝም አለ በድንገት።

«ራሱ ነው የተናገረው?»
«አዎ።»
«ሰው እየሰማው?»
«አሳትሞ።»
አወይቱ ከታች ተሰማ፣ የክረምት ጉልበቱ ደክሞ።

«ያኔ» አለ፣ «ሰንሰለቱ ሁለት ነበር።
አሮጌው ቀለበቱ ተበልቶ የላላ፤
አዲሱ ገና ዘይቱ ያልደረቀ።
የኔን ቦታ ጠዋት በአሮጌው ለካሁ፣
ከሰዓት የሸምሱን በአዲሱ።
ዘንግቼ ነው። መጀመሪያ ዘንግቼ ነው።
ማታ ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳያቸው
አንድ ስንዝር።»

ሸምሱ አጎቴ ነው። ያቺን ስንዝር በእግሩ ያውቃት ነበር፤
ችሎት ድረስ ሄዶባታል፣
«ቀያሽ በቁጥር አይሳሳትም» ተብሎ ተመልሷል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ይኸው፣
ኢድ ሲሆን ሳህኑ አጥሩን የሚሻገረው
በልጆች እጅ ነው።

መብራት አልመጣም። ከአጥሩ ማዶ
ሸምሱ ፋኖሱን መስኮቱ ላይ አኖረ።
አባቴ አውራ ጣቱን ዘረጋ፣
አንዱን ዓይኑን ጨፈነ፣ ቀየረ፤
ደግሞ ቀየረ።

«ይዘላል» አለ። «አቤት ሲዘል!»
ከዚያ በእግሩ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።
«ሰዓዳ፣ ሰንሰለቶቹ ቆጡ ላይ ናቸው፤
ሁለቱንም አውርጂልኝ።»