ብርነሽ

ብርነሽ ብለው ነው ስም ያወጡላት፤
ብር ግን አንድ ሌሊት ቤቷ አላደረላት።
ቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ
ግማሹ ልጆቿ፣ ግማሹ ደግሞ ጭቃ።
ባሏ ከፎቅ ወድቆ፣ ወገቡ አልቀና፤
እሷ የኮንዶሚኒየም ልብስ አጣቢ፣
አምስተኛ ፎቅ ወጥታ፣ ወርዳ፣ እንደገና።

የብድር ቢሮው ልጅ፣ ክራባቱን እያላላ፣
"አምስት ሆናችሁ ኑ፤ አንዷ ብታጎድል
አራታችሁ ትከፍላላችኋላ!"
ዘምዘም ፈረመች፤ ጌጤና ደስቱም ፈረሙ።
እኔ እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ፣
ደረቀብኝ ቀለሙ።
እውነቱን ልናገር፣ ዛሬ ምን አሳፈረኝ፣
"ይቺ መች ትከፍላለች?" ያልኩት እኔ ነበርኩኝ።

ሃያ ሺህ ብር ወጣ።
ዶሮ ታረባለች አልን፤ ሽንኩርት ትቸረችራለች።
እሷ ምናለሽ ተራ ወርዳ
የዛገ ባስኩል ገዝታ፣ አሸክማ መጣች።
"ሚዛን ይበላል ወይ?" አለች ጌጤ፣
እየሳቀች፣ እየፈራች።

ይበላል ኖሯል!
ቆራሌው ሁሉ፣ በግምት ሲሸጥ የኖረው፣
የሃይላንድ ጆንያ ጀርባው ላይ የከበደው፣
ሦስት ገዢ አልፎ እሷ ጋ ያራግፍ ጀመረ፤
መርፌዋ አይዋሽማ፤
ስድስት ካለ ስድስት፣ ሰባት ካለ ሰባት ነበረ።

ከዚያ ክረምት ገባ።
በአራተኛው ወር የጎደልኩት እኔ ነኝ።
ጎመኔን ጎርፍ ወሰደው፤ ክፍያው ነገ ነው፤ ማን ያውጣኝ?
እኔው ዋስ፣ እኔው ባለዕዳ፣ መብራት አጥፍቼ ተኛሁ፤
ሲመሽ በሩ ተንኳኳ፣
በላስቲክ የታሰረ የሳንቲም ድምፅ ሰማሁ።
"ቁጠሪው" አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።
ያን ቀን እስክሪብቶው እጄ ላይ ሲቆይ አይታለች፤
ግን አላነሳችውም።
ብድር በምድር ይሉ የለ?
እኔን እንዲህ አድርጎ ነው ያገኘኝ።

ዕዳው አላለቀም፤ ሰባት ወር ይቀረዋል።
ቤቷም ያው ቆርቆሮ ነው፤ ወለሉ ግን ሲሚንቶ ሆኗል።
ትልቋ ማህደር ከሳፋው ተነስታ ትምህርት ቤት ተመልሳለች፤
ማታ ማታ፣ በአንድ ደብተር፣
የሁለት ነገር ሂሳብ ትይዛለች።
በግራ ያለው ዕዳው ነው፣ በየወሩ የሚቀንስ፤
በቀኝ ትንሹ ወንድሟ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ባስኩሉ ላይ የሚነግስ።

"አትንቀሳቀስ!" ትለዋለች ብርነሽ፣
ጎንበስ ብላ መርፌውን እያየች፤
ባለፈው አሥራ አንድ ኪሎ ነበር።
"አሥራ ሦስት" አለች።
አላመነችውም፤
ጫማውን አስወልቃ፣
ደግማ መዘነች።