ኪስ የሌለው ልብስ

ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ፣ ሱራት ከተማ ውስጥ፣
የአልማዝ ሞራጆችን ኪስ በመገልበጥ።
ማታ ደወል ሲጮህ፣ ሲሰለፍ ሠራተኛ፣
«አፍህን ክፈት!» እላለሁ፣ እኔ ነኝ ዘበኛ፤
ጫማ አራግፋለሁ፣ ጥፍር ሥር አያለሁ፣
ከትቢያ ያነሰች ብልጭታ እሻለሁ።

ጌታዬ ቺማንላል ከሰገነቱ ላይ
ጠባቂውን ጠባቂ፣ እኔን ቁልቁል ሲያይ፤
ሁሉ ሲያልቅ ደግሞ የኔም ኪስ ይፈተሻል፤
ስሜን መቼ ያውቃል፣ በ«አንተ» ይጠራኛል።

ልጄ ዳክሻ ስታስል፣ ደም ስትተፋ ጊዜ፣
ደመወዝ ቢያስቀድም ገባሁ ተክዤ፤
ዓይኑ አልተነቀለ ከአጉሊ መነጽሩ፤
እጁ ብቻ ዞሮ ጠቆመኝ ወደ በሩ።

አንድ ቀን ቺማንላል ሊመንን ተነሣ፤
ከተማው በከበሮ፣ በመለከት አገሣ።
በዝሆን ላይ ወጥቶ፣ ዘውድ ደፍቶ እንደ ንጉሥ፣
ሳንቲም እንደ በቆሎ ከእጁ ላይ ሲፈስ፣
ስሙ በጋዜጣ፣ ስሙ በግድግዳ፣
«ይኼስ» አልኩ በልቤ፣ «ሌላ ንግድ፣ ሌላ ዕዳ፤
ብር ከፍሎ ዝና ገዛ፣ ያውም በርካሽ ዋጋ፤
ሰው ሲመንን እንኳን ትርፉን አይዘነጋ!»

ከዚያ ዘጠኝ ዓመት።

በግንቦት እኩለ ቀን፣ ሬንጅ በሚቀልጥበት፣
አንድ መነኩሴ መጣ፣ እግሩ ጫማ የሌለበት፤
ጠጉሩ በእጅ የተነጨ፣ አፉ በጨርቅ ሽፍን፣
ጉንዳን ላለመርገጥ የሚጠርግ መንገዱን።
እጄ ለምዶበታል፤ ሳላስብ ሰደድኩት፣
ከነጭ ኩታው ላይ ኪስ ፈለግኩለት።
በቀኝ የለም። በግራ የለም። በደረት የለም።
ልብሱ እንዲሁ ጨርቅ ነው፣ አንድ ስፌት የለም።

ሳቀ። ከጨርቁ ሥር እንደ ልጅ ነው የሳቀ፤
«ካንጂ፣» አለኝ፣ «ዳክሻ... ሳሉ ተላቀቀ?»

ክው አልኩ። ድምፁ እሱ ነው። የቀረው አይደለም።
ለካ ስሜን ያውቃል! የልጄንም ስም!

«ሞተች፣» አልኩት፣ «ያኔ፣ በዚያው ክረምት ሞተች።»
የያዛት መጥረጊያ ከእጁ ላይ ወደቀች።
አንድ ቃል አላወጣም፤ ቁጭ አለ ከአስፋልቱ፣
የአፉ ጨርቅ ራሰ፣ እንባው ወርዶ ከፊቱ።
ልጠላው ፈለግሁ፤ ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት
ቂም ነበረ በኪሴ፤ ብዳብስ አጣሁት።

ግማሽ ቂጣ ሰጠሁት፤ ተቀብሎ ሄደ፣
መንገዱን እየጠረገ ከሐሩሩ ተዋሐደ።

ማታ ደወል ጮኸ። ተሰለፈ ሠራተኛ።
«ሂዱ፣» አልኳቸው፣ «ግቡ፣» እኔው፣ ያ ዘበኛ።
አዲሱ አለቃ ከላይ ጮኸ፣ «አንተ!» ብሎ፤
እኔ ግን ቤቴ ሄድኩ፣
ሁለቱም ኪሴ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ።