የባሕሩ ጫማ

በሰሜን ባሕር ዳር፣ ከሣሩ ግድብ ሥር
አውቶቡሴን አቁሜ ሞተሩን ሳጠፋ፣
ባሕር የለም ነበር፤
ዕዳ እንዳለበት ሰው በጓሮ ሾልኮ ጠፋ።

በቀን ሁለት ጊዜ እንዲህ ነው ልማዱ፤
ሰዓት አያዛንፍም፣ አይጠፋው መንገዱ።
የቀረው ጭቃ ነው፣ ሰማይ የተኛበት፣
እስከ ዐይን ማብቂያ ዛፍ የሌለበት፣ ቤት የሌለበት።

ሃያ ሁለት ልጆች ተንጫጭተው ወረዱ።
መምህርት ታሌያ ከግድቡ አናት ቆማ፣
ድምጿ እንደ ጠጠር፣ ነፋስ ሰንጥቆ የሚሰማ፦
«ደብተርም ይቀመጥ፣ ስልኩም እዚሁ ይዋል።
ዛሬ እግር ነው አንባቢ፣ ጭቃ ነው ፊደሉ፤
ጫማችሁን አውልቁ፣ ካልሲውን ጠቅልሉ!»

አንድ ብቻ ቀረ።
ፎልከርት ይሉታል፣ ዘጠኝ የደፈነ፣
ቢጫ ቦት ጫማው ከሱቅ እንደ መጣ፣ አዲስ እንደሆነ።
ከስክሪን ላይ ለቅሞ
የሸርጣኑን ወገን፣ የትሉን የላቲን ስም፣
የዛጎሉን ዕድሜ እንደ ዳዊት ይደግማል፤
ጭቃ ግን በእጁ ነክቶ አያውቅም።
ከአውቶቡሴ ደረጃ ቁጭ ብሎ፣ አፍንጫውን ይዞ፣
«ሽታው ያመኛል» አለኝ።
ሽታውስ እውነት ነው፤ የከረመ እንቁላል። አልዋሽም።

እኔም አልፈረድሁበት።
ከዚህ ግድብ ጀርባ ሃምሳ ስድስት ዓመት ኖሬ፣
የስንቱን ልጅ አመላልሼ፣
ወደዚያ ጭቃ አንድ ቀን እንኳ አልወረድሁም።
ምክንያት የለኝም። እንዲያው ሳይሆን ቀረ።
ነገ ነገ ሲሉት፣ የደጅ ነገር ይርቃል።

ከማዶ ጩኸት ሆነ።
ኢምከ የምትባል፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣
በአካፋዋ ጫፍ አንድ ወፍራም ትል አውጥታ፣
ሁሉም ከብቦ፣ ገሚሱ ሸሽቶ፣ ገሚሱ እየሳቀ።
«ቀስ!» አለች ታሌያ፤ «እንግዶቹ እናንተ ናችሁ።
ቤቱን እንዳፈረሳችሁ፣ መልሱለት በእጃችሁ።»
ሃያ አንድ ልጅ በመዳፉ ጉድጓድ ሞላ፤
አንዷ ጎንበስ ብላ ትሉን ይቅርታ ጠየቀች።

«አሸዋ ነው የሚበላው! ያ ጥቅልሉ ኩሱ ነው!»
ብሎ ፎልከርት ከሩቅ ጮኸ።
ነፋስ ወሰደበት። አንድም ሰው አልዞረም።
ዕውቀቱን ታቅፎ ለብቻው ተቀመጠ፣
ጥቂት ቆየ፣
ከነቦት ጫማው ተነሥቶ ወረደ።

ዐሥር እርምጃ ሄደ። በዐሥራ አንደኛው
ጭቃው ያዘው፣
ቀኝ እግሩን እስከ ጉልበቱ።
ቢጎትት ቢጎትት፣ እግሩ ወጣ፣ ጫማው ቀረ፤
እንደ ሽመላ ባንድ እግር ቆሞ፣ እጆቹን እንደ ክንፍ ዘርግቶ፣
ዐይኑ እኔን ፈለገ።

ሮጥሁ። ጫማዬን የት እንዳወለቅሁ አላስታውስም።
ብርዱ እስከ አጥንቴ። ጭቃው በጣቶቼ መሐል
እንደ ሊጥ ሾልኮ ወጣ፤
እኔም ሽማግሌው፣ ወይ ጉድ፣ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሳቄን ሲያይ ያንጠለጠላት እግር ወረደች፣
መጀመሪያ አውራ ጣቱ፣ ቀጥሎም ተረከዙ።
ዝም አለ ረጅም ዝምታ።
«ከሥሬ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ» አለኝ በሹክሹክታ።
«ምንድን ነው?» አልሁት፤ የሁሉን ስም ያውቃልና።
«እንጃ» አለ። «ቆይ... አትንገረኝ።»

የታሌያ ፊሽካ ተነፋ፤ ውሃው ሊመለስ ነው።
ጫማውን ብንቆፍር፣ ብንስብ፣ አሻፈረኝ አለ።
ከግድቡ ላይ ሆነን አየነው ሲመጣ፣
በቦዮቹ ውስጥ እንደ ወሬ ቀስ ብሎ፣
ኋላ ባንድ ጊዜ፣ ቢጫዋን ነጥብ ውጦ።

ማታ እናቱ ደጅ ወጥታ ጠበቀችው፤
አንድ እግሩ ቢጫ፣ አንድ እግሩ ጥቁር።
«ሌላውስ የታለ?»
«ለባሕሩ ተውሁለት» አላት፣ ሳይቀልድ፤
«ባዶ እግሩን ነበረ።»

የፍሬኑ መርገጫ ላይ እስከ ዛሬ ጭቃ አለ።
አለቃዬ ሁለቴ «እጠበው» ብሎኛል።
ነገ፣ ነገ እያልሁ ነው።