የስምንት ወር ብሎን

ሙሐረቅ ነው። ከአሮጌው የጀልባ ማሰሪያ ጀርባ፣
የክሊኒኩ መስታወት ሐምሌን ለብሶ ሲያነባ፣
እኔ ከጨለማው ክፍል፣ ከስክሪኑ ሥር ቁጭ ብዬ
የሰው አፍ ጣሪያ እለካለሁ፣ ዓይኔን እንደ ወስፌ አሹዬ።

ሉልዋ ትባላለች። ዕንቁ ማለት ነው በነሱ፤
አስራ ስድስት ዓመቷ፤ የፊት ጥርሶቿ ቸኩለው
ከንፈሯን ቀድመው ደረሱ።
ዶክተር ቢንዱ ወደ ኋላ ልትመልሳቸው አስባለች፣
«ካስማ የምተክልበት አጥንት ፈልጊልኝ» ብላለች።

ጥርስን በጥርስ ቢጎትቱት፣ ጎታቹም ይጎተታል፤
ስለዚህ አንድ ብሎን፣ ከገብስ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣
ላንቃ ላይ ይተከላል፤
ራሱ ንቅንቅ ሳይል
የሌላውን ሸክም ይችላል።

ግን አጥንት እንደ እርሻ ነው፣ ጥልቁም ስሱም አለበት፤
አንዱ ጋ ስምንት ሚሊሜትር፣ ጥቂት ፈቀቅ ሲሉ ሁለት።
ከሦስተኛው የላንቃ ሽብሽብ፣ ከመሃል ስፌቱ ወደ ግራ፣
ነጥቶ ይታየኛል፣ የጸና፣ እንደ ደረቀ ኖራ።
ከዚያ ወደ ጉሮሮ ስወርድ እንደ ወንፊት ይሳሳል፣
ከላዩ የአፍንጫ ዋሻ፣ ከጎኑ የደም ሥር ያልፋል፤
ብሎኑ እዚያ ቢገባ ዛሬ ቆሞ ነገ ይወድቃል።
የታች መንጋጋዋንም አየሁ። ብርቱ ነው፣ ድንጋይ፤
የጥርሶቿ ሥር ግን ተጠጋግቶ ለመርፌ እንኳ በር አያሳይ።

እንደገና ወደ ላንቃው። አጥንቷን ገጽ በገጽ ስገልጥ

«ያገሬ ልጅ ነሽ አይደል? ስልክ ስታወሪ ሰማሁሽ።»

በሩ ላይ ዘምዘም ቆማለች፣
በአንድ እጇ የልጅቱ ቦርሳ፣
በሌላው፣ ራጅ ስትነሳ ያወለቀቻቸው ጉትቻዎች።

«ያ ብሎን አጥንቷን አይሰነጥቅባትም?»
«አይሰነጥቅም።»
«ሲነቀልስ?»
«አጥንቱ አይዋሃደውም። እንዳይዋሃደው ሆኖ ነው የተሠራ።
ስምንት ወር ሠርቶ ይወጣል፤ ቀዳዳው በሳምንት ይደፈናል፣
ምንም እንዳልነበረበት።»

ዝም አለች። ስክሪኑን አየች፣ ግራጫውን የራስ ቅል፣ ሳትፈራ።
«ይቺን ጥርስ አውቃታለሁ» አለች፣ ጣቷን ቀስራ።
«ከፊቷ የነበረችዋን፣ የወተቷን፣ በክር አስሬ የነቀልኩ እኔ ነኝ።
አያትየው፣ 'ለፀሐይ ትወርውር፤ የአህያ ጥርሴን ውሰጂ፣
የሚዳቋ ስጪኝ ትበላት' አሉ።
እኔ ደግሞ፣ እንዳገሬ፣ ጣሪያ ላይ ካልሆነ አልኩ።
ተጨቃጨቅን፣ ወላሂ፣ እስከ አስር ሰዓት።
ኋላ ፀሐይዋ ጣሪያው ጠርዝ ላይ እስክትቀመጥ ጠብቀን
አንድ ላይ ወረወርንላቸው፣ ለሁለቱም።
ማንኛቸው ይሆኑ ጠማማ የመለሱልን?»

ሳቀች፣ አፏን በመዳፏ ከልላ።
ሁለት መንጋጋ ጎድሏታል፣ በግራ።
ጥርስ ከለቀቀው ስፍራ አጥንትም ቀስ በቀስ ይሸሻል፤
ዓይኔ ልማዱ ነው፣ ሊለካ ሄደ። መለስኩት።

«ከመጣሽ ስንት ዓመትሽ?»
«ለሁለት ዓመት ነበር የመጣሁት» አለች።
«ሉልዋ ያኔ አልዳኸችም።»

ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ነጥቡን አስቀመጥኩ፤
ሰባት ነጥብ ሁለት። ‘ይይዛል’ ብዬ ጻፍኩ።
ቅጹ ከታች ይጠይቃል፦ ቋሚ ወይስ ጊዜያዊ?
‘ጊዜያዊ’ ላይ ምልክት አደረግኩ፣ እንደ ሁልጊዜው፣
እጄ ግን ከቁልፉ ለመነሳት ጥቂት ዘገየ።

ልጅቱ ከሐኪሟ ወጣች፣ ዓይኗ ስልኳ ላይ ተተክሎ።
ዘምዘም ጉትቻዎቹን አነሳች፤
ሉልዋ ሳትጠየቅ፣ ቀና ብላም ሳታይ፣
አንገቷን ዘንበል አደረገችላት፣
አንዴ ወደ ቀኝ፣
አንዴ ወደ ግራ።