የነሐሴ ሜኑ

ሃያ ዓመት ሞላኝ ከሼፍ መውዛ ጓዳ፣
ሳህን እያጠብኩኝ ማታና ማለዳ፤
ራስ አል ኸይማ፣ ከወደቡ ፊት፣
ዓሣው ሳይሞት ዋጋው ከሚጮኽበት።

ያኔ በትልቁ ሆቴል ሼፍ ነበረች፤
አንድ ቀን የቲማቲም ካርቶን ከፈተች፣
ከሆላንድ የበረረ፣ ሁሉ ባንድ መጠን፤
አሸተተች፣ ደገመች፦ የሚሸተው ካርቶን።
ሽርጧን ፈታችና ለሥራ አስኪያጁ
ሰጠችው እንደ ቁልፍ፤ ይዞ ቀረ በእጁ።

ሳቁባት። «አሸዋ ምን ሊያበቅል?» አሉ።
ባሏ ሳይቀር ሳቀ፣ ቤተሰብ በሙሉ።
እሷ እኔን አስከትላ ከጉል ዛማን እርሻ
ዲግዳጋ ወረደች፤ የጉድጓዱን ውኃ ቀመሰች እንደ ጉርሻ።
ጨው ጨው አለ። ተፋች። እኔም ተረት አልኩኝ፣
«ጨው ለራስህ ጣፍጥ» በሰባራ ዐረብኛ ተናገርኩኝ።
«መሬቱን ነው የመከርሽው?» ብላ ሳቀች፣
ጨው የሚችል ዘር ፍለጋ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ እኔም፣ ሳህን ጠራጊዋ፣
ሆኜ ቀረሁላት ትርፍራፊ ሰብሳቢዋ፤
የዓሣው አከርካሪ፣ የቴምር ፍሬው፣ ሥሩ
በባልዲ ይሄዳል፤ በስድስተኛ ወሩ
ጅርጅር ሆኖ ይመጣል፣ ባሚያ፣ ዱባ፣
አፈሩ እንኳ ሳይረግፍ ጓዳዬ ሲገባ።
ሐሙር እንቁላል ሲይዝ ገበያ አትወጣም፤
ባለ ጥቁር መኪና ቢለምናት አታመጣም።

ግን ነሐሴ አለ።

በእኔ አገር ነሐሴ ጎመን ነው፣ ጭቃ ነው፤
እዚህ ግን አፉን የከፈተ ምድጃ ነው።
ጅርጅሩ ነደደ፣ ዱባው አንገት ደፋ፣
ጉል ዛማን ደወለ፦ «የለም፣ ሁሉም ጠፋ።»
«ለአንድ ወር አስመጪ፤ ማን ያውቃል?» አላት ወንድሟ፣
የቤቱ ኪራይ ግማሽ በእሱ፣ ግማሽ በስሟ።
መልስ አልሰጠችውም። ጠመኔ አነሳች፣
በሩ ላይ ካለው ሰሌዳ ጻፈች፦

ደረቅ ዓሣ። ደረቅ ሎሚ። ሩዝ። ቴምር።
ሌላ የለም። መሬቱ አርፏል።

ሦስት እንግዳ መጣ በዚያ ሳምንት ሁሉ።
አንዱ ሽማግሌ፣ ዓሣ አጥማጅ ነው አሉ፣
ጣቱን ልሶ ቆየ፣ ሒሳቡንም ከፈለ፤
«ይህን የበላሁት ነዳጅ ሳይወጣ ነው» አለ።
በማግስቱ መጣ፣ ወንድሞቹን ይዞ።

ዘንድሮ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል።
ጠመኔው እኔ ጋ ነው። ነሐሴ ገብቷል።
ፊደሌ ጠማማ፣ ዐረብኛው አይቀናኝም፤
«የለም» የምትለዋን ስጽፍ ግን እጄ አይከዳኝም።