ግራ ጆሮዬ

ቀትር ነው ድሬ ላይ፤ አስፋልቱ ይነዳል፣
ጥላ እንኳ ሙቀት ሸሽቶ ከግንድ ሥር ይወርዳል።
ደወሉ ሲያቃጭል፣ በሩ ሲበረገድ፣
ደቻቱን አስቡት፣ ሰማይ ሳይጠቁር ጎርፍ እንደሚወርድ፤
ሰማያዊ ሸሚዝ፣ የተፈታ ጫማ፣ አቧራና ሳቅ፣
መንገድ የማይፈራ፣ ፍሬን የማያውቅ።
ከአስፋልቱ ማዶ ሳምቡሳ ይጠበሳል፣
ሽታው ከልጅ ራስ ላይ ትምህርት ያስረሳል።

እኔ እዚህ ቆሜያለሁ፣ ቀይ ጨርቄን ይዤ፣
በሐዲዱ ጥግ አርጅቼ፣ ተክዤ።
የሐዲድ በረኛ ነበርኩ፣ ለሠላሳ ዓመት፣
ጨርቁን ሳውለበልብ ግመል የሚቆምለት።
ባቡሩ ሲቆም ግን በረኛ ምን ይጠብቃል?
ዳይሬክተሯ ጠየቀችኝ፦ «ጨርቅህ ልጅ ያውቃል?»

አያውቅም ነበረ።

ባቡር ጨዋ ነበር፤ ሳይደርስ ይናገራል፣
ከሽንሌ ወዲያ ጀምሮ ይጣራል፤
በሐዲዱ ይሄዳል፣ አይወጣም ከመሥመር፣
ላም እንኳ ሰዓቱን ታውቅለት ነበር።
ባጃጅ ግን፣ አቦ! የማን ልጅ ነው?
ከየት እንደሚወጣ ማን አወቀው?
በግራ፣ በቀኝ፣ በሱቅ በረንዳ፣
ሦስት እግር፣ አንድ ዓይን፣ ስምንት እንግዳ።
ከኋላው ተሳቢ፣ ከጅቡቲ ያደረ፣
ነጂው እዚህ ደርሶ ቀልቡ በረሃ የቀረ።

«ኑ ወዲህ፣ ረምላ! ቃሲም፣ ቦርሳህን ያዝ!
"ዜብራው ላይ ነኝ" አትበሉ፤ ቀለሙ ረግፏል፣
ፀሐይ ግማሹን፣ ጎማ ግማሹን ገፍፏል።
የነጂውን ዓይን ፈልጉ፣ ዓይን ለዓይን ግጠሙ፤
ካላያችሁት፣ አላያችሁም፤ እንግዲያው ቁሙ።
የቆመ መኪና ግድግዳ አይደለም፤
ከጀርባው የሚመጣ አይታያችሁም።
ኳስ ከሸሸች ትሽሽ፤ ኳስ እናት የላትም፣
ብትፈነዳ ሌላ አለ፤ ማንም ድንኳን አይጥልላትም።»

እላለሁ፣ እላለሁ። «አታንሲዮን!» ስል፣ በባቡር ልማዴ፣
«አታንሲዮን!» እያሉ ሲሮጡ ይርዳል ሆዴ።

አሁን ምሥጢሬን ልንገር፦ ግራ ጆሮዬ ሞቷል፣
ሠላሳ ዓመት ፉጨት ጠጥቶ፣ ጠግቦ፣ ተዘግቷል።
ለማንም አልነገርኩም። ማን ይቀጥራል ደንቆሮ?
ልጅ የሚጠብቅ ዘብ፣ በአንድ ጆሮ?

ማክሰኞ ዕለት ነው። ልጆቹ አልፈዋል።
ጨርቄን ጠቅልያለሁ፤ ሥራዬ አልቋል።
አንድ እግሬ አስፋልት ላይ፣ አንዱ ከዳር ሳለ፣
ከግራ ጭር ብሏል፤ ለእኔ ምን ድምፅ አለ!
እጅጌዬ ተሳበ።
ወደ ኋላ ወደቅሁ። ንፋስ ጉንጬን መታ፤
ባጃጁ አለፈ፣ ዘፈኑን እያንባረቀ፣ ቆም ሳይል ላፍታ።

ኢፍቱ ናት። ሁለተኛ ክፍል። የፊት ጥርሷ የወለቀ።
የእጅጌዬን ጫፍ ጣቷ አልለቀቀ።
«አባባ፣» አለችኝ፣ «ዓይኑን አይተኸዋል?
ካላየኸው፣ አላየህም።» የገዛ ቃሌ ይገርፈኛል።
ቀጠለች ቀስ ብላ፦
«በዚህኛው አትሰማም፤ እኔ አውቃለሁ ድሮ፣
ስጠራህ ሁልጊዜ ታዞራለህ ያንን ጆሮ።»

በማግስቱ ቢሮ ገባሁ፣ ሁሉንም ተናገርኩ፣
ጨርቄን አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።
ዳይሬክተሯ ብዙ ዝም ብላ፣ ጨርቁን መለሰች፣
«አንድ ወጣት ይጨመር፣ ግራውን እርሱ ይስማ» አለች።

ወጣቱ መጥቷል። ጎበዝ ነው። ፊሽካም አለው።
ኢፍቱ ግን አላመነችውም፤ ምን ላድርገው?
ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ በዚያው ሐሩር፣ ትጠብቀኛለች፣
ቦርሳዋን በጀርባዋ፣ በግራዬ በኩል ትቆማለች፤
እጄን ትይዛለች። ግራ ታያለች፣ ቀኝ ታያለች፣ ግራ እንደገና፣
ከዚያ፣ በእኔው ድምፅ፦ «አታንሲዮን! ... በል አሁን ና።»