ምክንያትዎን ይምረጡ

አባቴ ቁልፍ ቀራጭ ነው። ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣
አንድ ሰው ቆሞ ከሞላት፣ ሁለተኛ የማታስገባ
ኪዮስክ አለችው፤ ሰማያዊ ቆርቆሮ፤ ፒያሳ ሲፈርስ ባንድ ሌሊት
ከነማሽኗ ካይሱዙ ላይ አውርዶ እዚህ የተከላት።

የወተት ጣሳ ሙሉ ቁልፍ አለ፣ ከመደርደሪያው ሥር ዝጎ፤
በሮቹ ከነግንባቸው ተንደው፣ ማንም አልመጣም ፈልጎ።
«ለምን አትጥለውም?» ስለው፣
«ቁልፍ» ይላል፣ «እህል አይበላ።»

ሰባት ዓመቴ ላይ አስተማረኝ፦
«ቁልፍ ሲገባ ደስ አይበልሽ፤
መግባትማ ምስማርም ይገባል፤
ሲዞር ነው፣ ልጄ፣ ሲዞር ነው ሒሳብ የሚከፈልሽ።»

ያቺን ዩኒቨርሲቲ የወደድኳት ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤
ወመዘክር፣ ካንድ አሮጌ መጽሔት፣ ሥዕሏን የሰረቅሁት ያኔ ነው።
(ላይብረሪያኑ እያንጎላጀ ነው።)
የድንጋይ ድልድይ፣ ጭጋግ የዋጠው የሰዓት ማማ፣
ከዋክብት የሚያዩበት ቤት፤ ጣሪያው ሲከፈት
ሲጥ የሚል፣ በሥዕል እንኳ የሚሰማ።

መጋቢት ላይ ደብዳቤዋ መጣ፤ «ተቀብለንሻል» ይላል።
ሁለተኛው ገጽ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ካባቴ ኪዮስክ ይረዝማል።
በዓመት፣ በፓውንድ። ናሁሠናይ፣ ወንድሜ፣ በስልኩ ወደ ብር መለሰው፤
ዝም አለ፤ ደግሞ ሠራው፤ ዜሮ የጨመረ መሰለው።

በዚያው ሳምንት፣ ሙክታር ጋ፣ ኢንተርኔት ቤት፣
ማመልከቴን እንኳ የረሳሁት፣
አንዱ ከሕንድ፣ አንዱ ከቱርክ፣ ከነመኝታ፣ ከነምግብ፣ ከነቲኬት።
የቱርኩማ ለክረምት ካፖርት መግዣ ብሎ ገንዘብ ጨምሮበት!
ማን ነገራቸው፣ ካፖርት እንደሌለኝ?
ማመስገን ሲገባኝ አኮረፍኩ፤ ደግነታቸው አናደደኝ።

እናቴ፣ «በእጅ የያዙት ወርቅ…» ትልና፣ መዳቡ ላይ ስትደርስ ትተዋለች።
አክስቴ እታፈራሁ የሕልም ሰው ናት፤ ሁለት ዕጣ ዕቁቧን ልትሰጥ ማለች።
ሁለቱ ዕጣ ተደምሮ የመጀመሪያውን ወር አይሞላም፤
ምላለችና ግን፣ ማንም ቁጥሩን አልነገራትም።

አባቴ ዝም አለ። ዐሥራ አንድ ቀን።
በዐሥራ ሁለተኛው ምሳ ይዤለት ብደርስ፣ አንድ ሰውዬ በሜትር ቆርቆሮውን ይለካል፤
እንደሚሸጥ በሬ፣ የማሽኗን ጥርስ በጣቱ ይነካካል።
አባቴ አየኝ። «ነገ» አለው። እጁን በጨርቅ ጠረገ።
«ቁልፍ ሊያሠራ ነው» አለኝ።
ሰውዬው ቁልፍ አልያዘም፤ ሳይሰናበት አፈገፈገ።

ያን ማታ፣ ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ፣ ቸርችልን ሽቅብ ወጣሁት፤
አንድ ኮከብ ብዬ ቀና አልኩ፤ አዲሱ የመንገድ መብራት ውጦት አጣሁት።
ልሂድ ብል፣ አባቴ ያለ ማሽን እጁን የት ያስቀምጣል?
ልተው ብል፣ ያ ጣሪያ ሲጥ ሲል፣ በኔ ወንበር ማን ይቀመጣል?
መልሱን አውቀው ነበር፤ እንደማያውቅ ሰው ዳገቱን ወጣሁ እንጂ።

ሙክታር መዝጊያውን ግማሽ አውርዷል። «ዐሥር ደቂቃ» አለኝ።
«አልቀበልም» የሚለውን ነካሁ። ገጹ ቆየ፣ ቆየና፣
«ምክንያትዎን ይምረጡ» አለኝ፣ ከላይ ወደ ታች ደረደረና፦
ሌላ ተቋም መርጫለሁ። ጤና። የግል ጉዳይ። የትምህርት ዘርፍ ለውጥ።
ያባቴ ማሽን የለበት፣ የሰውዬው ሜትር የለበት፤ ምኑን ልምረጥ?

ከሁሉ በታች፣ «ሌላ»። አጠገቡ ባዶ ሣጥን፤
መቶ ፊደል ትይዛለች።
በኛው ቋንቋ ጻፍኩባት፤ ማን እንደሚያነበው እንጃ፦

«ቁልፉ ገባ። አልዞረም።»

ሰማንያ ስድስት ፊደል ተረፈኝ።
ሙክታር መዝጊያውን እስከ መሬት አወረደው፤ ቁልፉ ሁለቴ ዞረ፣
ሳያንገራግር፤ ያባቴ ሥራ ነው።
ወደ ቤት ስወርድ ስለ ካፖርቱ አሰብኩ፤
የደረት ኪስ ይኖረው ይሆን፣ ሥዕል የሚያስገባ።